ጋሽ ደምሴ የጨመሯት አንዲት ቃል

ሊያ ኮል ስታደርግልኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነበርኩ። «ሰብሊ» አለችኝ። ሊያ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዳ ያደገች የጋሽ ደምሴ ልጅ ናት። አማርኛዋ በደስታ ጊዜ ይሮጣል፣ በኀዘን ጊዜ ግን እግሩ ይታሰራል። «አባዬ… ዛሬ ጠዋት። ኢን ሂዝ ስሊፕ» አለችኝ፤ በተኙበት ዐረፉ ማለቷ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ከወንበሬ ተነሣሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ለቅሶው ግን አልመጣ አለኝ። የመጣብኝ ማውራት ነው። እዚያ ብሬክ ሩም፣ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ትከሻውን ይዤ፣ «አንድ ሰው ነበሩ፣ እስቲ ስሙኝማ!» ማለት አማረኝ። ጋሽ ደምሴን ያወቀ ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል። ስለ እሳቸው ተረጋግቶ ማውራት አይቻልም። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል፤ አሁንም ያቅተኛል።

ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ሰሞን መኪና የለኝ፣ መንጃ ፈቃድ የለኝ፣ ከምኖርበት ከሬይኖልድስበርግ ግሮቭ ሲቲ እስካለው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ ድረስ የሚያደርሰኝ አውቶቡስ የለኝ። ሥራውን ያስገባችኝ ልጅ፣ «ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰውዬ ቫን አላቸው፣ ሰው ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ካረፈድሽ ጥለውሽ አይሄዱም» አለችኝ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ታዪዋለሽ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን አረፈድኩ። እየሮጥኩ ስወርድ ቫኑ ከነተሳፋሪው ቆሟል። አራት ሰዎች በመስኮት ያዩኛል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ውጭ በብርዱ፣ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆመዋል። አንዲት ቃል አልተቆጡም። በሩን ከፍተውልኝ፣ «አምስት» አሉና ወደ መሪያቸው ሄዱ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ከዚያ ወዲያ አርፍጄ አላውቅም።

ሰው ይቆጥሩ ነበር። ጠዋት ስንገባ፣ ከሰዓት ስንወጣ፣ ቤንዚን ማደያ ቆመን ስንመለስ ሁሌም ይቆጥሩናል። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች። እሷ ሁልጊዜ ታማትባለች። «ጋሼ፣ ኧረ ሰው አይቆጠርም! ነውር ነው» ትላቸዋለች። እሳቸው በመስታወቱ እያዩዋት፣ «የየብስ ሰው አይቆጥርም፤ ባሕር ላይ ያልቆጠረ ሰው ግን ይጎድልበታል» ይላሉ።

ባሕር ኃይል እንደነበሩ ያወቅነው በዚህ ነው። ለነገሩ ማንም ሳይነግረው የሚያውቅ ያውቃል። ዌርሃውሱ ውስጥ ሥራቸው በር ላይ የሚደርሱትን ትሬለሮች መቀበል ነበር። ሰባኛ ዓመታቸውን እየገፉ፣ በዚያ በሲሚንቶው ወለል ላይ እግራቸውን ከፍተው፣ ጉልበታቸውን ላላ አድርገው ይቆማሉ። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ወለሉ ይወዛወዛል እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«አይወዛወዝም። ግን ቃል አልገባልኝም» አሉኝ።

አሜሪካዊው ሱፐርቫይዘራችን «ካፕቴን» ይላቸዋል። ሁሌም ያርሙታል። «ካፕቴን አይደለሁም። ሲግናል ማን!» ይሉታል፣ ደረታቸውን ነፍተው። የመርከብ መብራት እያበሩና እያጠፉ ለሌላ መርከብ መልእክት የሚያስተላልፉ ሰው ነበሩ። ከካፕቴንነት ይልቅ በዚህ ይኮሩ ነበር።

የበረዶውን ቀን ልንገራችሁ። የራሴን መኪና፣ አሮጌ ኮሮላ፣ ከገዛሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ስንወጣ ሰማይና ምድር አንድ ሆነዋል። በረዶው ከጎን ይወርዳል። ፓርኪንጉ ውስጥ አራት አምስት የእኛ ሰዎች መኪኖች አሉ፤ አንዱ ልጅ ትልቅ ፒካፕ አስነሥቶ ሊወጣ ነው። እኔ መሪዬን ጨብጬ እንባዬ ይወርዳል። ጋሽ ደምሴ መጥተው መስኮቴን አንኳኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ፣ በረዶ ላይ ነድቼ አላውቅም።»

«በጣም ጥሩ። ፍጥነቱን አንቺ ትወስኛለሽ።»

ወዲያው ሁሉንም ሰበሰቡ። ያን ቀን ያየሁትን ሰውዬ ከዚያ በፊት አላየሁትም። ወገባቸው ቀጥ፣ ድምፃቸው ጥርት አለ፤ ሃያ ዓመት ከላያቸው ወረደ። እሳቸው በቫናቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ሌሎቹ በተራ፣ ፒካፑ መጨረሻ። ፒካፕ ያለው ልጅ፣ «ጋሼ፣ በእሷ አነዳድ እኮ ነገም አንደርስም!» አለ።

«ስማኝ» አሉት። «ኮንቮይ፣ ታጅቦ የሚሄድ የመርከብ ጓድ፣ የሚሄደው በቀርፋፋዋ መርከብ ፍጥነት ነው። አንተን መጨረሻ ያደረግሁህ ጉልበት ስላለህ ነው። የወደቀ ብታይ የምታነሣው አንተ ነህ። ካልተስማማህ ብቻህን ሂድ፤ መንገዱ የአባትህ ነው።»

ልጁ ቀረ። ወጣን። ፍሪዌዩ ላይ መኪኖች ግራና ቀኝ ጉድባ ውስጥ ገብተው ይታያሉ። እኔ የማየው የቫኑን ሁለት ቀይ መብራቶች ብቻ ነው። ስፈራ እዘገያለሁ፤ ስዘገይ እሳቸውም ይዘገያሉ። በየተወሰነው ርቀት መስኮታቸውን ከፍተው የእጅ ባትሪውን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋሉ፤ እኛም በተራ በመብራታችን እንመልሳለን። በሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት በማይሞላው መንገድ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሄድን። ሬይኖልድስበርግ ደርሰን ስንቆም ወርደው በበረዶው ውስጥ እያለፉ መኪኖቹን አንድ በአንድ ነኩ። «አምስት!» አሉ። ያ የፒካፑ ልጅ ከመኪናው ወርዶ አቀፋቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም!

መርከባቸውን በተመለከተ ግን ከዚህች ከኮንቮይ ነገር ያለፈ አይናገሩም ነበር። ያንን የሰማሁት በበጋ ነው። ሊያ ከከተማው በስተሰሜን፣ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር ቤት ገዝታ ስለነበር፣ እዚያ አካባቢ ካለው ትልቅ ሐይቅ ዳር ሥጋ እንጥበስ ብላ ጠራችን። ልጆች በፕላስቲክ ጀልባ ይቀዝፋሉ። አንዱ ልጅ መቅዘፊያው ወድቆበት መሐል ውሃ ላይ ቀረ። ጓደኞቹ ትተውት ወደ ዳር መጡ። ልጁ «ሄይ! ዌይት!» ይላል። ከዳር ያሉት አባቶች ሣቁ። ጋሽ ደምሴ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው፣ «እንመለሳለን! ዊ ካም ባክ!» ብለው ጮኹ። አንድ አባት ሄዶ ጎትቶ አመጣው። የስድስት ደቂቃ ነገር ነው። ጋሽ ደምሴ ግን ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ አሞዎት ነው?»

«አይ። ይቺን ቃል ካልኩ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር፤ ከዚያ እጃቸው መጣ፣ ከዚያ ቆሙ፣ ከዚያ ሐይቁ ቀይ ባሕር ሆነ።

«መርከባችን ትንሽ አጃቢ ነበረች። እኛ ‹ዘበኛዋ› ነበር የምንላት። ሥራዋ ከአሰብ ምጽዋ እህል የሚጭኑትን መርከቦች መጠበቅ ነው። ጊዜው ጦርነት ነው፣ የወንድማማች ጦርነት፣ ምን ልበልሽ። የዚያኛው ወገን ፈጣን ጀልባዎች ከደሴቶቹ ጀርባ ብቅ ብለው መትተው ይጠፋሉ። አንድ ጊዜ ሦስት መርከብ ይዘን ወጣን። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛዋ ዕድሜዋን ማንም የማያውቅ ጉደኛ ናት፤ ‹አሮጊቷ› ብለናታል። ጭስ ታወጣለች፣ ታስላለች። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞተሯ ቀጥ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከሩቅ አድማስ ላይ ጀልባ አየን። አዛዣችን ምን ያድርግ? ከቆመ ሦስቱም ያልቃሉ። ሁለቱን ይዞ ለመሄድ ወሰነ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ‹ደምሴ፣ ንገራቸው፤ መቆም አንችልም፣ ሞተራችሁን ጠግኑ በላቸው› አለኝ። መብራቱን ያዝኩ። ያለኝን ላክሁ። መቆም አንችልም። ሞተራችሁን ጠግኑ። ሰብለ፣ እዚያ መርከብ ላይ ሰዎች ይታዩኛል! አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ከጠርዙ ላይ ቆመው መብራቴን ያያሉ። እጄ መብራቱን አልለቅ አለ። አንዲት ቃል ጨመርኩ። ‹እንመለሳለን።›»

«አዛዡ ሳያዝዎት?»

«ሳያዘኝ። በጦርነት ላይ፣ በአዛዥ ስም! የሚያስረሽን ነገር እኮ ነው። እነሱም መለሱ። አዛዡ ‹ምን አሉ?› አለኝ። ልዋሽ ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዘኝም። ‹እንጠብቃለን አሉ ጌታዬ› አልኩት። ዞሮ አየኝ። ‹ምንድን ነው የሚጠብቁት?›»

ሥጋው መቃጠል ጀምሯል፤ ማንም አላየውም።

«ነገርኩት። መነጽሩን አንሥቶ አሮጊቷን አየ። ‹በስሜ ቃል ሰጥተሃል› አለኝ በመጨረሻ። ‹አዎ ጌታዬ።› ሌላ ምንም አላለም። መንገዳችንን ቀጠልን። አራት ሰዓት ሙሉ ወደ ሰሜን ስንሄድ እኔ ወደ ኋላ አያለሁ፤ አሮጊቷ ነጥብ ሆነች፣ ከዚያ ምንም። በመጨረሻ ከምጽዋ በኩል ሌላ አጃቢ ወጥታ ሁለቱን መርከቦች ተቀበለችን። የእኛ ትእዛዝ አብረን ወደብ መግባት ነው። አዛዡ ቆቡን አስተካከለ። ‹መሪውን ወደ ደቡብ አዙር› አለ። ‹ቃል ተሰጥቷል።›»

ሐይቁ ዳር ሆኜ ጮኼ አጨበጨብኩ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሣቁም።

«ደረስን። ሁለት ጀልባ አሮጊቷን ይዞራታል። ተታኮስን። ከፊተኛው መድፍ ላይ ጓደኛዬ ሽፈራው ነበር፤ ፊት ጥርሱ ሸራፋ፣ የናዝሬት ልጅ። ጀልባዎቹ ከመሸሻቸው በፊት መቱት። እኔ ስደርስ አልቋል። አሮጊቷን በገመድ አስረን፣ ሌሊቱንና ማግስቱን ጎትተን ምጽዋ አስገባናት። አሥራ ዘጠኙም በእግራቸው ወረዱ። አዛዡ ጠራኝ። እሥር ቤት ነኝ ብዬ ሄድኩ። ‹ያቺ ቃል ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ናት፤ አንተ አልጨመርክም› አለኝ። ለማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።»

«ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው እኮ አዳኑ!»

«ሽፈራውስ?» አሉኝ። «ያቺን ቃል ባልጨምራት ሽፈራው ዛሬ አያት ነበር። ባልጨምራት ደግሞ አሥራ ዘጠኙ የሉም። አንደኛውን ሳስብ ሌላኛው ይመጣል። ሁለቱን አንድ ላይ የምይዝበት እጅ አላገኘሁም።»

ጦርነቱ ሲያበቃ እንደ ብዙ ጓደኞቻቸው በባሕር የመን ገቡ። ዓመታት ቆይተው ባለቤታቸው ዲቪ ደርሷት መጡ። ባለቤታቸው ይህንን ታሪክ ሳትሰማ ዐርፋለች፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጃቸው ሊያ እንኳ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ዓመት በኋላ ልባቸው ስላስቸገራቸው ሥራ አቆሙ፤ ሊያ ጋ ሉዊስ ሴንተር ገቡ። ቫኑን ለፒካፑ ልጅ ሰጡት፤ ሰው እንዲቆጥር አደራ ብለው።

ጉዱ የመጣው በጸደይ ነው። አፓርትመንታችን ውስጥ የሚኖር ጎረቤቴ እናቱን ከአዲስ አበባ አመጣ። እትዬ አስካለ ይባላሉ። ልጃቸው ሥራ ስላለበት መነጽር ላሰራላቸው ይዣቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ ውሃ የሞላ ወንዝ የሚያሻግር ድልድይ አለ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«እትዬ፣ ድልድይ ይፈራሉ?»

«ድልድይ አይደለም ልጄ። ውሃ ማየት አልወድም። ወንድሜን ባሕር ወሰደብኝ። ባሕር ኃይል ነበር፣ ሽፈራው ይባላል።»

ሽፈራው ስንት ሰው ነው? ራሴን አረጋጋሁ። «የት ነበር ያደጋችሁት እትዬ?»

«ናዝሬት።»

«ወንድምዎ… ጥርሱ…»

ነጠላውን ገለጥ አድርገው አፈጠጡብኝ። «ፊት ጥርሱን ኳስ ሲጫወት ሰብሮታል። አንቺ ከየት ታውቂያለሽ?»

መኪናዬን ባገኘሁት ፓርኪንግ ውስጥ አስገብቼ አቆምኩ። መንዳት አልቻልኩማ! «አብረውት የነበሩ ሰው አውቃለሁ፤ እዚሁ ከተማ ናቸው» አልኳቸው። ስለ ቃሏ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሱን መናገር የእኔ ድርሻ አልነበረም። እትዬ አስካለ እጄን ይዘው፣ «አምጪልኝ። እንዴት እንደሞተ የነገረኝ ሰው የለም። በግዳጅ ላይ ወደቀ ብቻ ነው ያሉን» አሉኝ።

ማታውኑ ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ። የሽፈራውን እህት እንዳገኘሁ ነገርኳቸው። «ልደውልልሽ» ብለው ዘጉ። ሁለት ሳምንት አልደወሉም። ሊያ፣ «ምግብ አይበላም፤ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ዋት ዲድ ዩ ቴል ሂም? ምንድን ነው የነገርሽው?» አለችኝ። አጥፍቼ ይሆን እንዴ ብዬ ተጨነቅሁ። ልባቸው የታመመ ሰው ላይ ይህን የሚያህል ነገር መጫን! በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት ደወሉ።

«ነይ ውሰጂኝ። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ የግድ እኮ አይደለም። በጀግንነት ሞተ ቢሏቸው…»

«ቃሏን አዛዡ ወስዶልኝ ነበር» አሉኝ። «እሱ ዛሬ የለም። መልሼ መውሰድ አለብኝ።»

ጥቁር ሱፍ ልብስ ለብሰው ወጡ። እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጋሽ ደምሴ ገብተው እጅ ነሡ፤ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ውሃም አልቀመሱም። ከምንጣፉ መሐል እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙና ጀመሩ። ሐይቁ ዳር እንደነገሩኝ አልነበረም። እንደ ሪፖርት ነው የተናገሩት። አሮጊቷ እንዴት እንደቆመች፣ አዛዡ ምን እንዳዘዘ፣ እሳቸው ምን እንደጨመሩ ተናገሩ። «‹እንመለሳለን› ያለው አዛዡ አይደለም። እኔ ነኝ። ባልል ኖሮ አንመለስም ነበር። ባንመለስ ወንድምዎ አይሞትም ነበር። እህቱ ይህን ማወቅ አለባት ብዬ ነው የመጣሁት» ብለው ጨረሱ።

የእትዬ አስካለ ልጅ ጥግ ቆሞ አንዴ እናቱን አንዴ ጋሽ ደምሴን ያያል። እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያዩ ነበር። ቀና አሉ።

«መርከቧ ስትዞር» አሉ፣ «ወደዚያች ወደቆመችው ስትመለሱ፣ ሽፈራው ምን አለ?»

ጋሽ ደምሴ አልጠበቁትም። «ምን… ምን አለ?»

«አዎ። ልትመለሱ መሆኑን ሲሰማ። ወንድሜ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ምን አለ?»

የጋሽ ደምሴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። አንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ገብተው መስኮት ያገኙ ይመስሉ ነበር። «ቆቡን…» አሉ። «ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ። ነፋስ ወሰደበት፣ ባሕር ገባ። አለቃው ሊቆጣው ሲል እሱ መድፉ ላይ ወጥቶ፣ ‹መጣንልሽ አሮጊት! ጠብቂን!› ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ጮኽን። ከዚያ… መንገዱን ሁሉ ይዘፍን ነበር። ድምፁ አስቀያሚ ነበር። ዝም በል ብንለውም እምቢ አለ።»

«ደስ ብሎት ነበር?»

«ደስ ብሎት ነበር እትዬ። ከሁላችንም በላይ ደስ ብሎት ነበር።»

እትዬ አስካለ ተነሡ። አጭር ሴት ናቸው፤ የጋሽ ደምሴ ደረት ጋ ነው የደረሱት። ሁለት እጃቸውን በጋሽ ደምሴ ኮት ላይ አኑረው፣ ልክ ልብስ እንደሚያስተካክል ሰው ሳብ ሳብ አደረጉት።

«አንተ ክፉ» አሉ። «ታዲያ ይህን ማስቀደም ሲገባህ ስለምን ኋላ አደረግኸው? አርባ ዓመት ወንድሜ ፈርቶ፣ ጨንቆት፣ እናቱን ጠርቶ የሞተ ይመስለኝ ነበር!» አሉና እንባና ሣቅ ባንድነት መጣባቸው። «የሄደው ሰው ሊያመጣ ነዋ! እየዘፈነ ነዋ! ቃሉን አንተ ብቻ ያልክ ይመስልሃል? እሱስ ጠብቂን ብሎ ጮኾ የለም እንዴ? ተቀመጥ። እህል ቅመስ። ከዚያ እንደገና ንገረኝ፤ ከቆቡ ጀምር።»

ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ። እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከዚያ በሉ። ሁለት ጊዜ በሉ! ከዚያ ነገሯቸው፣ ከቆቡ ጀምረው።

አመሻሹ ላይ ወደ ሉዊስ ሴንተር ይዣቸው ወጣሁ። ድካም ይጥላቸዋል፣ መኪና ውስጥ ያንቀላፋሉ ብዬ ነበር። ምን ሲባል! ገና ከሬይኖልድስበርግ ሳንወጣ ጀመሩ። ያ ሁሉ ጊዜ ስለ ሽፈራው አሟሟት ነበር የሚያስቡት፤ አሁን ሽፈራው ራሱ መጣ። ለካ ሽፈራው መርከበኛ ሆኖ ዓሣ አይበላም! ለካ ዋና አይችልም፤ ፈተናውን ያለፈው ጋሽ ደምሴ በእሱ ስም ዋኝተውለት ነው! ለካ ለመርከቡ ሰው ሁሉ የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው፤ አንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ተለዋውጦ ሁለት እጮኞች ተጣሉ! ጋሽ ደምሴ በእጃቸው ይናገራሉ፣ ዳሽቦርዱን ይመታሉ፣ ይሣቃሉ፣ ሣቁ ያስላቸዋል፣ ካሳላቸው በኋላ ይቀጥላሉ። ሽፈራው በረኛ ሆኖ የተጫወተበትን ግጥሚያ ሊያሳዩኝ ሲሞክሩ የመቀመጫ ቀበቶው ያዛቸው።

ሉዊስ ሴንተር የሚያስገባው ኤግዚት፣ የፍሪዌዩ መውጫ፣ መጣ። ሽፈራው ገና ኳሱን አልያዘም። እኔም አልወጣሁም። ቀጥ ብዬ በ270 ነዳሁ። 270 ኮሎምበስን እንደ ቀለበት የሚዞር ፍሪዌይ ነው፤ ካልወጣሽለት መጨረሻ የለውም። በምዕራብ በኩል አለፍን። ወደ ደቡብ ዞረን በግሮቭ ሲቲ፣ በዌርሃውሶቹ አጠገብ አለፍን። ጋሽ ደምሴ አላዩም፤ ያኔ በወሬያቸው ውስጥ የሽፈራው ሱሪ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ እየወሰደው ነበር። ፀሐይ ከኋላችን ገባች። አንድ ሰዓት ያህል ሄደን፣ በመጨረሻ የሬይኖልድስበርግ ምልክት ከፊታችን ብቅ አለ።

ጋሽ ደምሴ ንግግራቸውን አቋርጠው በመስኮት አዩ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ቆይ» አሉ። «ይሄ የእትዬ አስካለ ሰፈር አይደለም እንዴ?»

«ነው ጋሼ።»

አዩኝ። መንገዱን አዩት። ነገሩ ገባቸውና ሣቃቸው መጣ፤ ግን ዋጥ አደረጉት።

«ታዲያ ምን ዝግ ትያለሽ?» አሉኝ። «ንጂው፤ አንድ ዙር ድገሚ። ገና ስለ ሽፈራው ዝንጀሮ አልነገርኩሽም።»